ስንት እንጀራ ልሽጥ? ወጪን፣ የሽያጭ መጠንንና ትርፍን አገናዝቦ ከታለመ ትርፍ ላይ ስለ መድረስ

ለሒሳብ ባለሙያዎች ጉባኤ የተደረገ ንግግር





የዝግጅት ኮሚቴው በዚህ ጉባኤ ላይ ንግግር እንዳደርግ ሲጋብዘኝ የርእሱን ምርጫ ለእኔ ትቶልኛል። እኔም ብዙ ካወጣሁና ካወረድሁ በኋላ፣ ከሙያችን መጻሕፍት የመጀመሪያ ምዕራፎች የማይጠፋውን፣ ሁላችንም እናውቀዋለን ብለን የተውነውን አንድ ጉዳይ መረጥሁ። ይኸውም በወጪ፣ በሽያጭ መጠንና በትርፍ መካከል ያለውን ግንኙነት መርምሮ፣ አንድ ድርጅት ያለመውን ትርፍ ለማግኘት ምን ያህል መሸጥ እንደሚገባው የማስላት ዘዴ ነው። ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት አንድ ነው፤ ዐውቀዋለሁ ብዬ በሠራሁበት ጊዜ ተሳስቼበታለሁ። ስሕተቴም በሰው ኑሮ ላይ ደርሷል።

ነገሩ የሆነው በቦሌ ቡልቡላ ነው። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተደቡብ የሚገኘው ይህ አካባቢ ቀድሞ የእርሻና የግጦሽ መሬት የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ የመኖሪያ ሕንፃዎችና ሱቆች የሞሉበት፣ በየማለዳው ብዙ እንጀራ የሚፈልግ ሰፈር ሆኗል። በዚያ ሰፈር አንዲት ወይዘሮ ከሁለት እኅቶቻቸው ጋር ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመው፣ በአራት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች ያከፋፍሉ ነበር። ስማቸውን አልጠራም፤ ቁጥሮቹንም ለአሰላል እንዲያመቹ አጠጋግቻቸዋለሁ።

ወይዘሮዋ አንድ ቀን ከቢሮዬ መጥተው እንዲህ አሉኝ፦ «ጋሼ፣ ሥራውን የጀመርነው አንድ ዘመዳችን መኪናውን ሸጦ ባበደረን ገንዘብ ነው። ወለድ አልጠየቀንም። እኛም በየወሩ 49,000 ብር እየከፈልን ልንጨርስለት ቃል ገብተናል። ከወጪው ሁሉ ተርፎ ይህን ገንዘብ እንድናገኝ በወር ስንት እንጀራ መሸጥ አለብን? ይንገሩኝ።»

ጥያቄው ንጹሕ ነው። የመማሪያ መጽሐፍ እንኳ ከዚህ የጠራ ጥያቄ አያቀርብም። እኔም ወረቀትና እርሳስ አንሥቼ ወጪዎቻቸውን በሁለት ከፈልኋቸው። በአንድ ወገን እንጀራ ቢጋገርም ባይጋገርም የሚከፈለው ቋሚ ወጪ አለ፤ የቤት ኪራይ 30,000 ብር፣ የጥበቃና የአከፋፋይ ደመወዝ 18,000 ብር፣ ጥገና፣ የዕቃ እርጅናና ልዩ ልዩ 8,000 ብር፣ በጠቅላላው በወር 56,000 ብር። በሌላው ወገን ከእያንዳንዱ እንጀራ ጋር የሚመጣና የሚሄድ ተለዋዋጭ ወጪ አለ፤ ጤፍ 13 ብር፣ በእንጀራ ቁጥር ለሚከፈላቸው ጋጋሪዎች 2 ብር፣ መብራትና ውሃ 1 ብር ከ50፣ ማጓጓዣና መጠቅለያ 1 ብር ከ50፣ በጠቅላላው 18 ብር። እንጀራው ለአከፋፋይ የሚሸጠው በ25 ብር ነው። ስለዚህ አንድ እንጀራ ሲሸጥ የራሱን ወጪ ችሎ 7 ብር ይተርፈዋል።

ይህን 7 ብር የሙያችን መጻሕፍት ኮንትሪቢውሽን ማርጂን ይሉታል። እኔ ግን መዋጮ ብለው እወዳለሁ፤ ሥራው የዕድር መዋጮ ነውና። የዕድሩ አባል በየወሩ የሚያዋጣው ገንዘብ አስቀድሞ የማይቀረውን ወጪ ሸፍኖ የቀረው በካዝና እንደሚጠራቀም ሁሉ፣ እያንዳንዱም እንጀራ 7 ብሩን ይዞ መጥቶ በመጀመሪያ የቤት ኪራዩንና ደመወዙን ይከፍላል። 56,000 ለ7 ሲካፈል 8,000 ይሆናል። 8,000ኛው እንጀራ ሲሸጥ ገቢ ከወጪ ይተካከላል፤ ድርጅቱ አያተርፍም፣ አይከስርም። ከዚያ በኋላ የሚሸጠው እያንዳንዱ እንጀራ መዋጮውን በቀጥታ ለትርፍ ያስገባል።

የታለመ ትርፍ ሲኖር ደግሞ ትርፉን እንደ አንድ ተጨማሪ ቋሚ ወጪ ቆጥረን ከቋሚው ወጪ ጋር እንደምረዋለን። 56,000ና 49,000 ተደምረው 105,000 ይሆናሉ፤ ይህም ለ7 ሲካፈል 15,000 ይሰጣል። በወር 25 የሥራ ቀን ብንቆጥር በቀን 600 እንጀራ መሆኑ ነው። «በቀን ስድስት መቶ ይሽጡ፤ ቃልዎን ይጠብቃሉ» ብዬ ሸኘኋቸው። ስሌቱን የጻፍሁባት ብጣሽ ወረቀት ዛሬም ከእጄ አለች።

ይህ ዘዴ አዲስ አይደለም። የአየርላንድ ተወላጁ ዲዮናስየስ ላርድነር እ.ኤ.አ. በ1850 ስለ ምድር ባቡር ኢኮኖሚ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከጭነቱ መጠን ጋር የሚለዋወጠውን ወጪ ከማይለዋወጠው ለይቶ መርምሯል። አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄንሪ ሄስ እ.ኤ.አ. በ1903 የወጪና የገቢ መሥመሮች የሚቋረጡበትን ሥዕል አቀረበ፤ በኋላም የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው ዋልተር ራውተንሽትራውክ የመተካከያውን ነጥብ ሥዕል በሰፊው አስተዋወቀ። ልብ እንበል፤ ዘዴው የተወለደው ሐዲድና ፋብሪካ ባለበት፣ ማለትም ቋሚ ወጪው ከብዶ ባለቤቱን በሚያስጨንቅበት ስፍራ ነው። በሥዕሉ ላይ ሁለቱ መሥመሮች ቀጥ ያሉ ናቸው። በሕይወት ውስጥ ግን መሥመሮቹ ይጎብጣሉ፤ አንዳንዴም ደረጃ ይሠራሉ። የእኔም ስሕተት የመጣው ከዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ግብርን መርሳቴ ነበር። ወይዘሮዋ የጠየቁኝ ከወጪው ሁሉ ተርፎ በእጅ የሚገባውን ገንዘብ ነው፤ የብድር ዋና ገንዘብ የሚከፈለው ግብር ከተከፈለ በኋላ ከሚቀረው ትርፍ ነውና። በሀገራችን የገቢ ግብር ሕግ አንድ ማኅበር ግብር ከሚከፈልበት ትርፉ ላይ 30 በመቶ ይከፍላል። ስለዚህ 49,000 ብር እንዲቀር ከተፈለገ፣ ከግብር በፊት መገኘት ያለበት 49,000 ለ0.70 ተካፍሎ 70,000 ብር ነው። በዚህ መሠረት ትክክለኛው መልስ 126,000 ለ7 ተካፍሎ 18,000 እንጀራ መሆን ነበረበት፤ በቀን 720 ማለት ነው።

ሦስቱ እኅትማማቾች ግን የነገርኋቸውን አምነው በቀን 600 ሸጡ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ወር ሳያጓድሉ 49,000 ብሩን ለዘመዳቸው ከፈሉ። ዓመቱ አልቆ ግብር ሲሰላ ግን ከእያንዳንዱ ወር ትርፍ 14,700 ብር፣ በዓመት 176,400 ብር ተጠየቁ። ገንዘቡ በእጃቸው አልነበረም። ያንን ለመክፈል ሲሉ ለዘመዳቸው የሚከፈለው ገንዘብ ከሦስት ወር በላይ ተቋረጠ። ወይዘሮዋ አልተቈጡኝም። «ያ ሰው ዘንድሮ ለፋሲካ ቤታችን አልመጣም» ብቻ አሉኝ።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ስሕተቴን ላርም ብዬ «እንግዲያው በወር 18,000 ይሽጡ» ብላቸው ኖሮ ሁለተኛ ስሕተት በፈጸምሁ ነበር። አንድ ጋጋሪ በአንድ ምጣድ ላይ በቀን 150 ያህል እንጀራ ታወጣለች እንበል። አራቱ ምጣዶች በቀን 600 ካወጡ አቅማቸው አለቀ። 720 ለማውጣት አምስተኛ ምጣድ ያስፈልጋል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ኃይል ስለሚፈልግ፣ ምጣድ ሲጨመር ቆጣሪውና መሥመሩም መጠናከር አለባቸው፤ ክፍሉም ይጠባል። ሁለት ምጣድ የሚያስተናግድ ተጨማሪ ክፍል ከነመብራቱ በወር 14,000 ብር ቢፈጅ፣ ቋሚው ወጪ ከ56,000 ወደ 70,000 ይዘላል። ያን ጊዜ የሚፈለገው ሽያጭ 18,000 መሆኑ ይቀርና 140,000 ለ7 ተካፍሎ 20,000 ይሆናል። ይህም በቀን 800 እንጀራ ነው።

እንግዲህ ተመልከቱ፤ በብጣሿ ወረቀት ላይ 15,000 የነበረው ቁጥር ግብሩ ሲታሰብ 18,000፣ የምጣዱ አቅም ሲታሰብ 20,000 ሆነ። ቋሚ ወጪ ቋሚ የሚባለው በተወሰነ የሥራ መጠን ውስጥ ብቻ ነው። ያ መጠን ሲታለፍ ወጪው እንደ ደረጃ አንድ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ሽያጩ ቢወርድ ግን አብሮ አይወርድም። በትንሹ ቤት የመተካከያው ነጥብ 8,000 ነበር፤ በትልቁ ቤት 10,000 ነው። አንድ ወር ገበያው ቀዝቅዞ 9,000 ብቻ ቢሸጥ፣ ትንሹ ቤት 7,000 ብር ሲያተርፍ ትልቁ ቤት 7,000 ብር ይከስራል። ትርፍን ለማሳደግ የተወሰደው እርምጃ ኪሳራንም አቅርቧል ማለት ነው። ደንበኛችን ይህን ከእኛ ካልሰማ ከማን ይሰማል?

ሦስተኛው ጉዳይ መዋጮው ራሱ ነው። 7 ብር ብለን የያዝነው ቁጥር በዋጋና በተለዋዋጭ ወጪ መካከል ያለ ጠባብ ክፍተት ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ የኤሌክትሪክ ታሪፍም ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው እንዲጨምር ተወስኗል። በእንዲህ ያለ ዘመን ባለፈው ዓመት የወጪ ዝርዝር የዘንድሮን ትርፍ ማለም አደገኛ ነው። በአንድ እንጀራ ላይ የጤፉ ወጪ 2 ብር ቢጨምርና የመሸጫው ዋጋ ባይለወጥ፣ ጭማሪው ከዋጋው 8 በመቶ ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ከመዋጮው ግን ከሩብ በላይ ይበላል፤ 7 ብሩ 5 ብር ይሆናልና። ያን ጊዜ በትልቁ ቤት የሚፈለገው ሽያጭ 140,000 ለ5 ተካፍሎ 28,000 ይሆናል። የስድስቱ ምጣድ አቅም ደግሞ በወር 22,500 ነው። ስሌቱ መልስ ሰጥቷል፤ ምጣዱ ግን አይችለውም።

እዚህ ላይ ስለ ጋጋሪዎቹ አንድ ነገር ልናገር። በእንጀራ 2 ብር የሚከፈላቸው እነዚህ ሴቶች በሒሳባችን ውስጥ ተለዋዋጭ ወጪ ተብለዋል። ደመወዛቸው የወር ቢሆንና በ15,000 እንጀራ ልክ 30,000 ብር ቢወሰን ምን ይሆናል? ቋሚው ወጪ 86,000፣ መዋጮው 9 ብር ይሆናል፤ 15,000 ሲሸጥ ትርፉ ከግብር በፊት ያው 49,000 ነው። ሽያጩ ወደ 10,000 ቢወርድ ግን በቁጥር ሲከፈላቸው 14,000 ይተርፍ የነበረው፣ በወር ደመወዝ 4,000 ብቻ ይተርፋል። ልዩነቱ 10,000 ብር ነው። በመጀመሪያው አሠራር ያን 10,000 ብር የሚያጡት ጋጋሪዎቹ ናቸው፤ በሁለተኛው አሠራር ባለቤቶቹ ናቸው። አንድን ወጪ ተለዋዋጭ ብለን ስንመድብ የገበያውን መውደቅ ማን እንደሚሸከም እየወሰንን መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም። ቃሉ የሒሳብ ነው፤ የሚነካው ግን የሰው እንጀራ ነው።

ይህ ሁሉ ለትንንሽ ድርጅቶች ብቻ የሚሠራ እንዳይመስለን፣ በቡልቡላ ሰማይ ላይ የሚያልፉትን አውሮፕላኖች ቀና ብለን እንመልከት። በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ለዚሁ ሕግ ይገዛል። አውሮፕላኑ ሊነሣ በተዘጋጀ ጊዜ የአውሮፕላኑ ዋጋ፣ የአብራሪዎቹና የአስተናጋጆቹ ደመወዝ፣ የማረፊያው ክፍያ፣ የነዳጁም አብዛኛው ክፍል ወንበሩ ቢሞላም ባይሞላም የማይቀር ነው። አንድ መንገደኛ ሲጨመር የሚጨመረው ወጪ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ መዋጮው ትልቅ ነው። ባዶ የሄደ ወንበር ደግሞ ለነገ ተቀምጦ አይሸጥም፤ በዚህም እንደ ዋለ እንጀራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲስፋፋ የዓለም መንገደኛ በአንድ ጊዜ ተቋረጠ። ቋሚው ወጪ ግን አልተቋረጠም። በዚያን ጊዜ አየር መንገዱ ከአንዳንድ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ወንበሮቹን አውጥቶ ለጭነት አሰማራቸው። በሙያችን ቋንቋ ስናየው፣ አንደኛው ሽያጭ መዋጮ ማምጣት ሲያቆም በዚያው ሀብት ሌላ መዋጮ የሚያመጣ ሽያጭ ተፈለገ ማለት ነው። «ስንት መንገደኛ ያስፈልገናል?» የሚለው ጥያቄ መልስ ባጣ ጊዜ «ይህ አውሮፕላን ከሌላ ምን ሊያዋጣ ይችላል?» የሚል ጥያቄ ተተካ።

ይህንኑ የጥያቄ መለወጥ ከቡልቡላዋ ወይዘሮ ዘንድ አገኘሁት። ይቅርታ ለመጠየቅና ሒሳቡን እንደገና ለመሥራት ከመጋገሪያ ቤታቸው ሄጄ ነበር። ግብሩን፣ የምጣዱን አቅም፣ የክፍሉን ኪራይ አንድ በአንድ በአንድ ገጽ ላይ ጽፌ 20,000 የሚለውን ቁጥር አሳየኋቸው። ወይዘሮዋ ገጹን ረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ጋሼ፣ ሌላ ቤት አንከራይም» አሉ። «በዕድራችን አባል ካልጨመረ መዋጮ ይጨመራል። ታዲያ እንጀራው ካልበዛ፣ እያንዳንዱ ስንት ቢያዋጣ ይበቃናል?»

እኔ ባለሙያው ያላነሣሁት ጥያቄ ነበር። የሚፈለገው ጠቅላላ መዋጮ 126,000 ብር፣ አቅማቸው 15,000 እንጀራ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ እንጀራ በአማካይ 8 ብር ከ40 ማዋጣት አለበት። የሚጎድለው 1 ብር ከ40 ነው፤ በጠቅላላው በወር 21,000 ብር። ወይዘሮዋም በዙሪያቸው ያሉት ቤተሰቦች ከሱቅ በበለጠ ዋጋ እንደሚገዙ ያውቃሉ። ከ600ው እንጀራ 240ውን በየቀኑ ከበራቸው ላይ በ28 ብር ከ50 ቢሸጡ፣ በወር 6,000 እንጀራ ላይ 3 ብር ከ50 ተጨማሪ ይገኛል፤ ይህም በትክክል 21,000 ብር ነው። ማጓጓዣ እንኳ አያስፈልገውም። የመተካከያው ነጥብም ከ8,000 ወደ 6,700 ገደማ ይወርዳል። ያው ግብ አደጋውን ሳያበዛ በሌላ መንገድ ተገኘ። እርግጥ ነው፣ ይህም ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ቤተሰቦቹ በየቀኑ 240 እንጀራ መግዛት አለባቸው። ይህንንም በገጹ ግርጌ ጻፍነው።

ከዚህ የተነሣ ለባልደረቦቼ የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። ደንበኛ «ስንት ልሽጥ?» ብሎ ሲጠይቀን አንድ ቁጥር ብቻ ሰጥተን አንሸኘው። ከቁጥሩ ጋር ቁጥሩ እውነት የሚሆንባቸውን ሁኔታዎች ጽፈን እንስጠው። ትርፉ ከግብር በፊት ነው ወይስ በኋላ? የማምረት አቅሙ እስከ ስንት ይደርሳል? አቅሙ ሲታለፍ ቋሚው ወጪ በስንት ይዘላል? የዋናው ጥሬ ዕቃ ዋጋ በስንት ቢጨምር ግቡ የማይደረስበት ይሆናል? ከምርቶቹ ወይም ከገዢዎቹ መካከል የበለጠ የሚያዋጣው የትኛው ነው? ሽያጩ ቢወድቅ ጉዳቱ በማን ላይ ያርፋል? እነዚህ ጥያቄዎች ከአንድ ገጽ አያልፉም። በየወሩም ሊታደሱ ይገባቸዋል፤ ጤፍ ባለበት አይቆምምና።

ይህን ማድረግ ደንበኛን ማስፈራራት ነው የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ግን በተቃራኒው አየሁት። ሦስቱ እኅትማማቾች ከዚያ ወዲህ ግባቸው ላይ የደረሱባቸው ወራት አሉ፤ ያልደረሱባቸውም አሉ። ነገር ግን ባልደረሱበት ወር ከእነዚያ ሁኔታዎች የትኛው እንደ ተለወጠ ያውቃሉ። ለዘመዳቸውም ገንዘቡ ከመጓደሉ በፊት ምክንያቱን ይነግሩታል።

ባለፈው ፋሲካ መጥቶ እንደ ነበር ሰምቻለሁ።